አቡ ነውፈልና የሚጣሉት አድራሻዎች

መነጽር ሠሪው ወሂብ ሰው አይጠላም ነበር። የሚጠላው መጠራትን ነው። አማን ከተማ፣ ጀበል አል-ሑሴን ሰፈር ባለችው ሱቁ ደንበኛ ሲገባ ይስቃል፣ ይጫወታል፣ የአሮጊቶችን መነጽር ያለ ክፍያ ያጠብቃል። ደንበኛው ወጥቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ግን በስልክም ሆነ በጽሑፍ ማንም እንዲደርስበት አይሻም። “ጉዳይ ያለው እዚህ ይምጣ፤ ጉዳይ የሌለው ከየት ያውቀኛል?” ይላል።

እንዲህ ያደረገው አንድ ጥንድ ጫማ ነው። ተረከዙን እያመመው ቆሞ መዋል ቢያቅተው በኢንተርኔት ሶሉ ለስላሳ የሆነ ጫማ አዘዘ። ጫማው መጣ፤ ተረከዙም ዳነ። ጫማ ሻጩ ግን አልለቀቀውም። ጠዋት “ወሂብ፣ ናፍቀኸናል” ብሎ ይጽፍለታል። ቀትር ላይ “ወሂብ፣ እግርህ እንዴት ዋለ?” ይለዋል። ሲመሽ ደግሞ “ወሂብ፣ ይህን ሳታይ እንዳትተኛ!” ሚስቱ እንዓም እንኳ በጋብቻ ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ አባብላው አታውቅም። አድራሻውን ከጫማ ሻጩ ካልሲ ሻጩ ሰማ፤ ከካልሲ ሻጩ የጉልበት ቅባት ሻጩ፤ ከቅባት ሻጩ ደግሞ ፀጉር የሚተክለው ሐኪም። ወሂብ መላጣ መሆኑን ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

መድኃኒቱን የነገረው ዶሃ የሚሠራው ልጁ ነውፈል ነው፤ ሰው ወሂብን “አቡ ነውፈል”፣ እንዓምን “ኡም ነውፈል” የሚለው በዚህ ልጅ ስም ነው።

“አባዬ፣ እውነተኛውን አድራሻህን ለምን ትሰጣቸዋለህ?” አለው በስልክ። “የሚጣል አድራሻ አለ እኮ። አሥር ደቂቃ ይሠራል፣ ከዚያ ይሞታል። እነሱ የፈለጉትን ያህል ይጻፉ፤ ለሬሳ ነው የሚጽፉት።”

“ለሬሳ?”

“ለሬሳ።”

ወሂብ ይህችን ቃል እንደ ከረሜላ በአፉ አገላበጣት።

ከዚያ ቀን በኋላ ማን ይቻለው! ነገሩ ሁለት ዓይነት መሆኑን ደረሰበት። አንደኛው ልጁ እንዳለው በአሥር ደቂቃ የሚጠፋው ነው። ሌላው ደግሞ አፍህ ያመጣልህን ስም የምታወጣለት ሳጥን ነው፤ ቁልፍ የለው፣ የይለፍ ቃል የለው። ያንኑ ስም የጻፈ ሁሉ ከፍቶ ያየዋል፤ የገባው መልእክትም ጥቂት ቀን ተቀምጦ ይጠረጋል። ለቸኮለ ጉዳይ የመጀመሪያውን፣ መልሱን ማየት ለሚፈልገው ጉዳይ ሁለተኛውን ያዘ። ለሁለተኛው ሳጥን የሰጠው ስም “ጃርት” ነበር። እንዓም ስትናደድበት የምትጠራው በዚህ ስም ነው፤ “ሰው በመጣ ቁጥር ተጠቅልሎ እሾኹን የሚያቆም” ትለዋለች። ሌላው ባል ቢሆን ይቀየም ነበር፤ ወሂብ ግን ስሙን ወደደው።

እንዓምንም አስተማራት። ለወጥ የሚሆን የሙሉኺያ ቅጠል እየቀነጠሰች ነበር።

“ስሚ፣ ኡም ነውፈል። ቅናሽ አለ፣ ዕጣ አለ እያልሽ የትም ስትመዘገቢ አድራሻችንን አትስጪ። አፍሽ ያመጣልሽን ስም ጻፊ፤ ሲያልቅ ትጥይዋለሽ።”

“አንተን ስጠራ አፌ የሚያመጣውን ታውቀዋለህ።”

“እሱንም ቢሆን ጻፊው! ማን ያውቅሻል?”

ሰው በአንድ ነገር ከቀናው ልክ አያውቅም። ወሂብ ከኢሜይል ወደ ስልክ ተሻገረ፤ የማይታወቅ ቁጥር እንዳይጠራ አድርጎ ስልኩን ዘጋው፤ የእንዓምንም ስልክ “ላስተካክልልሽ” ብሎ ወስዶ እንደዚያው አደረገው። ከስልክ ወደ በር ወረደ። ብርድ ልብስ ሻጭ፣ ውኃ ማጣሪያ ሻጭ፣ ቆጣሪ አንባቢ ሲያንጫርሩት የኖሩትን ደወል አንድ ዓርብ መሰላል ላይ ወጥቶ ሽቦውን ነቀለው። ወርዶ እጁን እየታጠበ፣ “ሰማሽ ጸጥታውን?” አላት።

“ሰማሁት” አለች እንዓም።

በዚህ መሃል ነው የሠርጉ ነገር የመጣው። ሩወይዳ የእንዓም የአጎት ልጅ ናት፤ አብረው አንድ ግቢ ያደጉ፣ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ “ይማርሽ” የምትል ዓይነት። አሁን ሰልት ከተማ ነው የምትኖረው። ባሏ ዐቂል አንድ ቀን የመነጽሩ እግር ተነቅሎበት ወደ ወሂብ ሱቅ መጣ።

“ጁማናን ልንድራት ነው” አለ ዐቂል። “ቀኑ ገና አልተቆረጠም። ካርዱ በኢሜይል ነው የሚላከው፤ ልጆቹ እንዲያ ነው የወደዱት። አድራሻህን ጣፍልኝ።”

ወሂብ በአንድ እጁ ዓይን የማትሞላ ብሎን ይዟል፤ በሌላው እጁ ወረቀት ስቦ ኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተውን አድራሻ ገለበጠ። ልቡ ብሎኗ ላይ ነበር፤ የጻፈው እጁ ነው። ያለፈውን ወር ሁሉ የለመደውን ነው የጻፈው፤ ዐቂል ከሱቁ ወጥቶ ታክሲ ሳይዝ የሚሞት አድራሻ። ማታ ለእንዓም፣ “ጁማናን ሊድሩ ነው፤ ካርድ ይልካሉ” ብሎ ነገራት፤ እሷም እልል አለች፤ ልብስ አሰፋች።

ካርዱ አልመጣም። ሩወይዳ ደውላም ነበር፤ ግን ቁጥሯን ቀይራ ኖሮ የእንዓም ስልክ የማላውቀው ነው ብሎ አፈነው። እንዓም ነገሩን የሰማችው ፀጉር ቤት ነው። ጎኗ የተቀመጠች ሴት ስልኳን እያሳየቻት፣ “ይቺን የመሰለች ሙሽራ አይተሽ ታውቂያለሽ?” አለቻት። ሙሽራዋ ጁማና ነበረች። ከጎኗ ሩወይዳ ታለቅሳለች፤ ከሩወይዳ ጎን ደግሞ አንድ ባዶ ወንበር ይታያል።

እንዓም ቤት ገብታ አልጮኸችም። ምድጃውን ዝቅ አድርጋ ዞረች።

“አቡ ነውፈል። ለዐቂል የትኛውን አድራሻ ነው የሰጠኸው?”

“ያው… አድራሻ ነዋ።”

“የሚጣለውን?”

ወሂብ መላጣውን አሻሸ። እንዓም ወደ መኝታ ቤት ገባች። በማግስቱ “ለሩወይዳ ደውለሽ ንገሪያታ” ሲላት፣ “ምን ብዬ? ባሌ ለልጅሽ ሠርግ የሬሳ አድራሻ ሰጠ ልበላት?” አለችው። ሩወይዳም በበኩሏ ተቀይማ ዝም አለች። በሁለት ኩራተኛ ሴቶች መካከል ዝምታ ከገባ እንደ ጠላ ቤት እንግዳ ነው፤ በቶሎ አይወጣም።

ወራት አለፉ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ወሂብ እንደ ተመኘው ጸጥ አለ። እንዓም የምትናገረው “ብላ” እና “መብራቱን አጥፋ” ብቻ ሆነ። አንዳንድ ከሰዓት በኋላ ጥሩ ኮቷን ለብሳ ትወጣለች፤ ስትመለስ ፊቷ ፈካ ይላል። ወሂብ አይጠይቅም። የሚጠይቅ ሰው ይጠየቃል ብሎ የሚያምን ነውና።

አንድ ቀን ሱቁ ጭር ባለ ሰዓት፣ ካዘዘው የመነጽር ማጽጃ ጨርቅ ዜና ካለ ልይ ብሎ የ“ጃርት”ን ሳጥን ከፈተ። ጨርቁ የለም። በምትኩ ለማያውቃት ሴት የተጻፈ ደብዳቤ ተቀምጧል።

“ክብርት ወይዘሮ ሰልማ፤ ብቻዎን ስለሚኖሩ ለእርስዎ የሚስማማ፣ ሳሎኑ ሰፊ፣ ወጥ ቤቱ ፀሐይ የሚያገኝ አፓርታማ ጠበርቡር ሰፈር አግኝተንልዎታል። እንደ ጠየቁትም የበሩ ደወል የሚሠራ መሆኑን አረጋግጠናል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንጠብቅዎታለን። ዙሄር፣ የቤት አሻሻጭ።”

ወሂብ ሳቀ። “ዓለም ስንት ጃርት አላት!” አለ ለራሱ። የሰው ደብዳቤ ማንበብ ኪስ ከመግባት ይብሳል ሲል የኖረ ሰው ነው፤ ግን የዚህች ሰልማ የምትባል ብቸኛ ሴት ነገር አሳዘነውና እስከ መጨረሻው አነበበው። ከታች “በሰጡን በዚህ ቁጥር እንደውላለን” የሚል አለ። ቁጥሩን አየ። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አየ። በስልኩ ላይ እንዲጠሩ ከፈቀደላቸው ጥቂት ቁጥሮች አንዱ ነው። የእንዓም ነው።

ብቻዎን ስለሚኖሩ! አንዲት ደንበኛ ገብታ “የማነብበት መነጽር…” ስትል የፀሐይ መነጽር አውጥቶ ሰጣት።

ምሳ ሊበላ ቤቱ ሄደ። እንዓም መቅሉባ የሚባለውን የሩዝና የሥጋ ምግብ ከድስቱ ገልብጣ ስታወጣ፣ ሩዙ እንደ ሕንጻ ቀጥ ብሎ ቆመ። ወሂብ ማንኪያውን ይዞ ሩዙን አላፈረሰውም።

“ሐሙስ ምን አለሽ?” አለ እንደ ቀልድ።

“ጥርስ ሐኪም።”

“የቱ ጥርስሽ ነው?”

“የሚያመኝ።”

እንዓም ለውዝ በጥርሷ የምትሰብር ሴት ናት። ምን ብሎ ይጠይቃት? ሳጥንሽን ከፍቼ አነበብኩ ይበላት? “ምነው፣ ዐይንህ ቀላ?” አለችው። “ሽንኩርቱ ነው” አለ። መቅሉባው ውስጥ ሽንኩርት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዙሄር ድረ ገጽ ገባ። ቤቱን ለማየት መመዝገብ ያስፈልጋል። ስም፦ ኢንጂነር ሩሽዲ። አድራሻ፦ እጁ ለምዷል፣ አሥር ደቂቃውን ሰጠ። “ማረጋገጫ ቁጥር ልከንልዎታል” አለው። ቁጥሩ ሳይደርስ አድራሻው ሞተ። ሌላ ከፈተ፤ ደንበኛ ገባበትና ያም ሞተ። ሦስተኛው ላይ በሩን ቆልፎ፣ “ተዘግቷል” የሚለውን ለጥፎ፣ እንደ ምጥ ጠባቂ ተቀምጦ ቁጥሩን ተቀበለው። ማንም እንዳያገኘው ስንት የደከመ ሰው፣ አንድ ደላላ እንዲያገኘው ላቡን አፈሰሰ።

ሐሙስ ጠበርቡር ሄደ። ሕንጻው አራት ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ላይ “ነገ ይሠራል” የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱም አርጅቷል። ወሂብ እያለከለከ ወጣና ደወሉን ተጫነ። ደወሉ ጥርት ብሎ ጮኸ። በሩን የከፈተው ዙሄር ነው፤ ወፍራም፣ ሽቱ የተነከረ፣ ሁለት ስልክ በአንድ እጁ የያዘ።

“እንኳን ደህና መጡ ኢንጂነር! ቤትዎ ነው፤ ቤትዎ ይሁን!”

ውስጥ አንድ የታጨ ጥንድ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ቆሟል፤ ልጅቷ መጋረጃ በዐይኗ ትለካለች፣ ልጁ ከንፈሩን ይነክሳል። ወሂብ ገና ጎሮሮውን ሲጠርግ ደወሉ እንደገና ጮኸና እንዓም ገባች። ጥሩ ኮቷን ለብሳለች። ዐይኗ ላይ ያለውን የፀሐይ መነጽር በልኳ የሠራላት እሱ ነው።

ተያዩ። ወሂብ ትጮኻለች ብሎ ጠበቀ። እንዓም ግን መነጽሩን ቀስ ብላ አወለቀችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

“ወይዘሮ ሰልማ!” አለ ዙሄር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። “ይተዋወቁ፤ ኢንጂነር ሩሽዲ። እሳቸውም ቤቱን ሊያዩ ነው።”

“ኢንጂነር?” አለች እንዓም ከእግር እስከ ራሱ አየት አድርጋው። “የምን ኢንጂነር ነዎት?”

“የ… ድልድይ።”

“አሃ። ሰው የሚያገናኝ። ጥሩ ሙያ ነው። ብቻዎን ነው የሚኖሩት?”

“ባለቤት አለችኝ።”

“የት አሉ ታዲያ?”

“እሱን ነው እኔም መጠየቅ የፈለግሁት። እርስዎስ? ደብዳ… ዙሄር ብቻዎን ነው የሚኖሩት ብሎኛል።”

“ብያለሁ እንዴ?” አለ ዙሄር።

“ብቻዬን ነው” አለች እንዓም። “ባል አለኝ፤ ግን ብቻዬን ነው።”

ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ በአክብሮት ተነጋግረው አያውቁም። ዙሄር መሃላቸው ገብቶ ወደ ሳሎኑ መራቸው። እንዓም ሳሎኑ መካከል ቆማ እጇን ዘረጋች።

“እዚህ ሃያ እንግዳ ይቀመጣል።”

“ማን ሊመጣ?” አለ ወሂብ።

“የተጠራ ሁሉ ይመጣል፣ ኢንጂነር። ሰው የሚጠራ ሰው ከሆኑ።”

“ከዚያ ማን ያጥባል ያን ሁሉ ሳህን? ደግሞ ይህ ሳሎን ለመንገድ ቅርብ ነው፤ ጫጫታ አለው።”

“ጫጫታ ነው የምፈልገው! ጸጥታ ጠግቤያለሁ። መቃብር ውስጥ ስኖር ነው የከረምኩት።”

“መቃብር? ማዕድ ሞልቶ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ መቃብር?”

“ምንጣፉን ማን ረገጠው?”

ድምፃቸው ከፍ አለ። የታጨችው ልጅ የእጮኛዋን እጅ ይዛ ወደ ጥግ ሳበችው። ዙሄር ግን ዐይኑ በራ፤ ሁለት ሰው አንድ ቤት ላይ ሲጣላ ለደላላ በዓል ነው። “ይህ ቤት ገና ዛሬ ነው የወጣው፤ ሁለታችሁም ብትወዱት አልፈርድም” አለ።

“እወስደዋለሁ!” አለ ወሂብ። ለምን እንዳለው ራሱም አላወቀም። ልቡ ያለው፣ ቤቱን ከወሰደው እሷ የምትሄድበት አይኖርም ነው።

“ከእኔ በፊት?” አለች እንዓም። “እኔ ነኝ የምወስደው!”

“ሞቼ ነው!”

“ሞተው አይደል የከረሙት!”

ወሂብ ሰገነቱ ወዳለበት በር ሄደ፤ እንዓምም ተከተለችው፤ ገና አልጨረሰችም ነበርና። ከኋላቸው ልጁና ልጅቷ ዙሄርን ከብበው በሹክሹክታ ሲቸኩሉ ይሰማል።

ሰገነቱ ላይ ነፋስ አለ። ከታች የምድጃ ጋዝ የሚሸጠው መኪና ሙዚቃውን እያሰማ ያዘግማል። ወሂብ ብረቱን ያዘ።

“ልትሄጂ ነው?” አላት፤ አሁን ኢንጂነርነቱ ሁሉ ረግፎ።

“የት?”

“ወደዚህ። ወይም ወደ ሌላ። ብቻዬን ነው የምኖረው ብለሽ ጽፈሽላቸዋል።”

“የጻፍኩትን በምን አወቅህ?” አለችና ቆም አለች። “ሳጥኑን ከፈትከው?”

“ስሙን ጃርት ብለሽዋል። እኔም ጃርት ነው ያልኩት።”

እንዓም አፏን በእጇ ያዘች። ልትቆጣ ነበር፤ ፊቷ ለቁጣ ተዘጋጅቶ ሳለ ሳቅ ቀደመው። ስቃ ስቃ ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ እንባው ደግሞ ሳቁ ሲያልቅ አላለቀም።

“የትም አልሄድም፣ አንተ” አለች። “ቤት ማየት ነው። ቤት ብቻ ነው የማየው። ደወል እጫናለሁ፣ ሰው በር ይከፍትልኛል፣ ‘እንኳን ደህና መጡ’ ይለኛል። ሻይ የሚያቀርቡም አሉ። ቀድሞ የኖረችው ሴትዮ ወጥ ቤቱን ታሳየኛለች፤ ልጆቿ የት እንዳሉ ትነግረኛለች፤ እኔም እነግራታለሁ። ከዚያ ወጥቼ ወደ ቤቴ እመጣለሁ። እኛ ቤት ማን ይመጣል? ደወሉን ነቀልከው።”

“ብቻዬን ነው ማለትሽ ግን…”

“ውሸት ነው?”

ወሂብ የጋዝ መኪናውን እስኪጠፋ ድረስ አየው። “ትሄጃለሽ ብዬ መብላት አቅቶኝ ነበር” አለ በመጨረሻ።

“መቅሉባውን አይቻለሁ” አለች።

ዙሄር ሰገነቱ ላይ ወጣ፤ ላቡን እየጠረገ፣ እየሳቀ። “አለቀ! ልጆቹ ቀብድ ከፈሉ። እናንተ ሁለታችሁ ስትጮኹ ቤቱ ሊያመልጣቸው መሰላቸው። ከወር በላይ ሲያመነቱ የነበሩ ናቸው።” ከዚያ አንዱን አይቶ ሌላዋን አየ፤ የወሂብ እጅ እንዓም ትከሻ ላይ ነበር። “በጣም በፍጥነት ተዋወቃችሁ፣ ኢንጂነር።”

“ባሌ ነው” አለች እንዓም። “ኢንጂነርም አይደለም። እኔም ሰልማ አይደለሁም። ቤት መግዛትም አልችልም። ይቅርታህን ዙሄር፤ ስንት ቀን አደከምኩህ።”

ዙሄር እጁን አወናጨፈ። “ኧረ ወይዘሮ! ይህን ያወቅሁት በሦስተኛው ቤት ነው። ሊገዛ የመጣ ሰው ስለ ውኃ ማጠራቀሚያው፣ ስለ ወለሉ ይጠይቃል፤ እርስዎ ስለ ጎረቤቶቹ ነበር የሚጠይቁት።”

“ታዲያ ለምን መጥራት አልተውክም?”

“እንዴት እተዋለሁ? እርስዎ ‘ይህች ወጥ ቤት እንዴት ታምራለች!’ ብለው ሲገቡ እውነተኛው ገዢ ይደነግጣል። የስንቱን ቤት ሸጠውልኛል! እኔ እኮ ገንዘብ ለሚያመጣልኝ ሰው ብቻ ነው የምጽፈው።” ከዚያ ወደ ወሂብ ዞረ። “እርስዎም መጥፎ አይደሉም። ግን ‘ጫጫታ አለው’ ማለቱን ይተዉ፤ ዋጋ ያወርዳል።”

ወሂብ ከዚያ በፊት በማያውቀው ሰው እንዲህ ተሞኝቶ ቢሆን ኖሮ ለሳምንት ሱቁን ይዘጋ ነበር። ያን ዕለት ግን አራቱን ፎቅ እየሳቀ ወረደ። እንዓም ግን አልጨረሰችም። መንገድ ላይ ታክሲ እየጠበቁ፣ “ነገ ዓርብ ነው” አለችው። “ሰልት እንሄዳለን። አንተ ነህ የምትናገረው።”

ዓርብ አንድ ትሪ ክናፋ የሚባል ጣፋጭ ይዘው ሰልት ወጡ። ሩወይዳ በሩን ከፈተችና በሩን እንደያዘች ቆመች።

“ማንን ፈልጋችሁ ነው?”

“ሩወይዳ፣ እኔ ነኝ። እንዓም።”

“እንዓም የምትባል የአጎት ልጅ ነበረችኝ። ለልጄ ሠርግ ጠራኋት፤ እንዲህ ያለ ሰው የለም የሚል መልስ መጣልኝ። ሞታ ይሆናል ብዬ ቤቴ ተቀምጬ አለቀስኩ።”

እንዓም መናገር ተሳናት። ወሂብ ትሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ።

“የሞትኩት እኔ ነኝ፣ ኡም ጁማና። ለዐቂል አሥር ደቂቃ የሚሠራ አድራሻ ነው የሰጠሁት። እሷ ምንም አታውቅም። ልብስ አሰፍታ ነበር።”

“አሥር ደቂቃ?” አለች ሩወይዳ። “ለልጄ ሠርግ አሥር ደቂቃ?”

ከኋላዋ ዐቂል ሳቁ አመለጠው፤ በሳል ሊሸፍነው ሞከረ። ሩወይዳ ባሏን ገላመጠችው፤ ወሂብን ገላመጠችው፤ ከዚያ እንዓምን አይታ ፊቷ ተሰበረ፤ ሁለቱ ሴቶች ደጃፉ ላይ ተቃቅፈው ማልቀስ ጀመሩ። ወሂብ ከነክናፋው ደጅ፣ ዐቂል ከውስጥ ቆመው ቀሩ።

“ግባ” አለችው ሩወይዳ ዐይኗን እየጠረገች። “በአሥር ደቂቃ ግን አትወጣም።”

እውነቷን ነው። መንሰፍ የሚባለው የበግ ሥጋና ሩዝ ከተበላ በኋላ ወሂብን ቴሌቪዥኑ ፊት ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠችውና የሠርጉን ቪዲዮ ከፀጉር ቤቱ ጀምሮ አስከፈተችበት። ሙሽራዋ ስትኳል አየ። መኪናዎቹ እየጮኹ ሲዞሩ አየ። አንድ አጎት ግጥም ሲያነብ፣ ሌላ አጎት የመጀመሪያው ረዘመበት ብሎ ማይክሮፎኑን ሲቀማ፣ ከዚያ ከእሱ አስረዝሞ ሲያነብ አየ። ወጥ ቤት ውስጥ የእንዓምና የሩወይዳ ሳቅ ይሰማል፤ የወራቱን ወሬ ባንድ ቀን ሊጨርሱት ነው። ዐቂል እንቅልፍ ጥሎት ይነቃል፣ ነቅቶ “ይቺ የማን ልጅ መሰለችህ?” ይላል፣ መልሶ ይተኛል።

ወሂብ አልተኛም። ጭፈራው ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ አየ።

“ዐቂል፣ ንቃማ። ይቺ አረንጓዴ የለበሰችው ማን ናት? ከሙሽራዋ ጎን ጠፍታ አታውቅም።”

ዐቂል ዐይኑን አሻሽቶ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ሩወይዳን ጠራት። ሩወይዳ እጇን እያደረቀች መጣች፤ እንዓምም ተከትላት መጣች።

“እሷንማ ማንም አያውቃትም” አለች ሩወይዳ። “እኛ የሙሽራው ወገን መስላን ነበር። እነሱ ደግሞ የእኛ ናት ብለው አከበሯት። በኋላ ስንጠያየቅ የማንም አይደለችም። ማንም ሳይጠራት ገብታ፣ በልታ፣ ጨፍራ፣ ሙሽራዋን ስማ ሄደች!”

ስክሪኑ ላይ ሴትዮዋ መሐረብ እያውለበለበች ትዞራለች፤ ክቡ በሙሉ ያጨበጭብላታል።

“ደግ አደረገች” አለ ወሂብ፤ ወንበሩንም ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አደረገ።